ምጡን ከእኔ የደበቁበት ቀን

በእኛ አገር ምጥ በሹክሹክታ የሚያዝ ነገር ነው። ያወቀው ሰው በበዛ ቁጥር ይጠናል ይባላል። ምጥ የጀመራት ሴት ለእናቷ በዓይኗ ትነግራለች፤ እናት ለአንዲት ጎረቤት በቅንድቧ ታስተላልፋለች፤ ጎረቤቲቱ በሩን ገርበብ አድርጋ ደጃፉ ላይ ትቀመጥና ጥጥ የምትፈትል ትመስላለች። ከዚያ ወዲያ አንድ ጆሮ በተጨመረ ቁጥር አንድ ሰዓት ይጨመራል። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ከዳባት እስከ ደባርቅ ያሉ አሮጊቶች ሁሉ ተስማምተው ያጸደቁት ሕግ ነው። ባል የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም "እስቲ አንተ ወጣ በል" ተብሎ።

ባልየው እኔ ስሆን ደግሞ ሕጉ ይጠብቃል። የናፍጣ ወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ዕድሜዬን ከሞተር ጋር ስጯጯህ ስለኖርኩ፣ ሹክ ስል እንኳ ሊማሊሞ ገደል ላይ ሣር የሚነጩ ጭላዳዎች ቀና ይላሉ። ወሬ ከጎንደር ከሚነሳው አውቶቡስ ቀድሞ እኔ ዘንድ ይደርሳል፤ ከእኔ ሲወጣ ግን እንደገባ አይወጣም። እህል ሲፈጭ ትንሽ ይጎድላል፤ ወሬ በእኔ አፍ ሲፈጭ ይበዛል። አንዲት ቀበሮ በአጥራችን ዘለለች ብዬ ከጀመርኩ፣ የወፍጮው ወረፋ ሳያልቅ ቀበሮዋ አራት በግና አንድ ዲያቆን ነጥቃ ትሄዳለች። ሴቶቹ "ሬዲዮ" ይሉኝ ነበር። ሬዲዮስ አንዳንዴ ባትሪ ያልቅበታል።

መንደራችን ከዳባት የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ጊዜው ስልክ በየኪሱ መግባት የጀመረበት፣ ኔትወርክ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ኮረብታ ጫፍ ላይ ካልወጡ የማይገኝበት ዘመን ነበር። ከሚስቴ ጋር ስድስት ዓመት ልጅ ጠብቀናል። ጠበል ተመላልሰናል፤ ስለት ተስለናል። በሰባተኛው ዓመት ስታረግዝ መጀመሪያ የነገረችው ለእኔ ነበር። በማግስቱ ወፍጮ ቤት የነበረው ሰው ሁሉ አወቀ፤ ከነአህዮቻቸው።

አንድ ቀን የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ወፍጮ ቤት መጣችና በሰው ፊት፣ "ባሎችም ሚስቶቻቸውን ተከትለው ለምርመራ ይምጡ" አለችኝ።

"ምን ልናደርግ? ልናምጥ?" አለ አንዱ ከወረፋው። ሰው ሳቀ። እኔ ግን እሄዳለሁ አልኩ። እውነቱን ልናገርና የሄድኩት ለወሬ ነው። ወንድ ያልረገጠውን አገር አይቼ ልመለስ።

ዳባት ጤና ጣቢያ አግዳሚው ላይ አሥራ አንድ ነፍሰ ጡሮች ተደርድረዋል። ወንድ እኔ ብቻ ነኝ። "እርስዎ ስንት ወርዎ ነው?" አለችኝ አንዷ አፏን በነጠላዋ ሸፍና። "ዘጠኝ አልፎኛል፤ አውራ ጣቴን ካየሁ ሰነበትኩ" አልኳት። አግዳሚው እስኪነቃነቅ ተሳቀ። ሚስቴም ሳቀች፤ ያን ጊዜ ገና ትስቅልኝ ነበር።

አዋላጇ ወጣት ናት፤ ሁሉም "ሲስተር" ይሏታል። የሚስቴን ሆድ በሜትር ለካች። ከዚያ ጥሩምባ የምታህል መስሚያ ሆዷ ላይ ደገነችና ጆሮዋን አስጠጋች። ቀና ብላ፣ "ና፣ አንተም ስማ" አለችኝ። ጎንበስ አልኩ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ከሩቅ፣ ከወንዝ ማዶ፣ ፈረስ ሲጋልብ ሰማሁ። ዱብ ዱብ ዱብ ዱብ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሚስቴ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ከተጋባን ጀምሮ ዝም ስል ያየችኝ ያን ቀን ነው።

ሲስተር አስቀምጣ አስተማረችኝ። "ስማኝ። ምጥ ላይ ያለች ሴት ማሰብ አትችልም። ማሰብ ያለብህ አንተ ነህ። ደም ካየህ፣ ዓይኔ ጭልም አለብኝ ካለችህ፣ ምጡ ከግማሽ ቀን ካለፈ፣ ቁጭ ብለህ አትጠብቅ።" የአምቡላንሱን ስልክ ቁጥር ሰጠችኝ፤ ስልኬ ውስጥ ከተትኩት። ከዳዊት ይልቅ ያንን ትምህርት በቃሌ ያዝኩ። በዚያ መንደር መቼ መሮጥ እንደሚገባ የሚያውቅ አንድ ሰው ተፈጠረ፤ እሱም እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ ወፍጮ ቤቱ ጢም ብሏል። "ሬዲዮ፣ እንዴት ነበር?" አሉኝ። ምን ላድርግ፤ የተጠየቀ ሰው ይመልሳል። የዱቄት ጆንያዎቹ ላይ ተጋደምኩ፤ ሆዴ ላይ ባዶ ጆንያ ጠቅልዬ ከመርኩ። ሚስቴን ሆኜ አቃሰትኩ፤ ሲስተርን ሆኜ በገመድ ለካሁ፤ "ሦስት ክንድ ከስንዝር! ይቺ ሴትዮ የወለደች እንደሆነ ጎተራ ነው የምትወልደው!" አልኩ። ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። ያም አልበቃኝ ብሎ ባዶ ቆርቆሮ አንሥቼ በጣቴ መታሁ፤ ዱብ ዱብ ዱብ ዱብ።

ሳቁ ድንገት ቆመ። ቀና ብዬ ሳይ ሚስቴ በሩ ላይ ቆማለች። የገብስ ቁና በራሷ ላይ እንደተሸከመች ነው።

ቤት ስገባ አልጮኸችብኝም። ጮኻ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። "ያንን የልጁን ልብ፣ እሱንም አሳየሃቸው?" አለችኝ።

"አዎ" አልኩ።

"እሺ። ቀኔ ሲደርስ ለዚህ ግድግዳ እነግራለሁ እንጂ ላንተ አልነግርህም።"

ቀልድ መሰለኝ። የቀልድ ባለሙያ ነኝና ሰው ሲቀልድ አውቃለሁ የምል ሰው ነበርኩ።

መውለጃዋ ሲቃረብ እናቷ መጥተው ቤታችን ሰነበቱ። አማቴ ቁመታቸው አጭር፣ ቃላቸው ከእሳቸውም ያጠረ ሴት ናቸው። አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ገና ቁርሴን ሳልጨርስ፣ "ለገንፎው ቅቤ ያስፈልጋል። ዳባት ሂድ" አሉኝ።

"እማማ፣ ገና ሦስት ሳምንት ይቀራት የለ?"

"ቅቤ ቢሰነብት ምን ይሆናል? ሂድ ብያለሁ። አትቸኩል፤ መርጠህ ግዛ።"

ሚስቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆማለች። "ምን ሆንሽ?" አልኳት። "ወገቤን ነው" አለች ሳትዞር። "አንቺ ነሽ ግድግዳውን የደገፍሽው ወይስ እሱ ነው አንቺን?" ብዬ ሳቅሁና ወጣሁ። በዚያች ሰዓት ምጥ ከያዛት አንድ ሌሊት ሙሉ አልፎ ነበር። በዝምታ አምጣ አድራለች፤ እኔ ከመደቡ ማዶ ሳንኮራፋ።

ዳባት ላይ አማቴ እንዳሉት አልቸኮልኩም። ቅቤ ስቀምስ፣ ስከራከር፣ ወሬ ሳቀልጥ ረፈደ። ከዚያ አንዲት ሻይ ቤት ገብቼ ከጤና ጣቢያው አጥር ትይዩ ተቀመጥኩና ለማላውቃቸው ሰዎች፣ ሚስቴ መንታ ሳይሆን ማኅበር ልትወልድ እንደሆነ ማስረዳት ጀመርኩ። በዚህ መካከል ነጭ ሽንኩርት ልትሸጥ የመጣች ጎረቤታችን በደጅ ስታልፍ አየችኝ።

"አንተ! እዚህ ምን ትሠራለህ?" አለች። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

ብርጭቆው እጄ ላይ ቀረ። "ጀመራት?"

"እኔ ምንም አላልኩም! አንድዬ ይመስክር፣ ምንም አልወጣኝም!"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ግራ ቀኝ አይታ፣ "ከትናንት ማታ" አለችኝ፤ ቀጥላም "ወየው፣ አሁን በእኔ ሊጠናባት ነው" ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ቅቤውን እዚያው ጥዬ ሮጥኩ። አሁን የምናገረውን አላጋነንኩም። በጤና ጣቢያው በር ነው ያለፍኩት። ነጩ አምቡላንስ ባሕር ዛፉ ሥር ቆሟል፤ ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ቆሎ ይቆረጥማል። ሲስተር ከዚያ አጥር ውስጥ ነበረች። አሥር እርምጃ ወደ ግራ ብታጠፍ ያበቃ ነበር። አእምሮዬ ግን አንድ ቃል ብቻ ያውቅ ነበር፤ ቤት። በአምቡላንሱ አጠገብ አልፌ ወደ ቤቴ ሮጥኩ። ያ ሁሉ ትምህርት፣ ያ ሁሉ ቁጥር፣ ከቅቤው ጋር ሻይ ቤት ቀረ።

በሌላ ጊዜ ያንን መንገድ በሃያ ደቂቃ ጨረስኩት ብዬ እምልላችሁ ነበር። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ።

አማቴ በሩን በደረታቸው ዘግተው ቆመዋል። ከውስጥ ሴቶች "ማርያም ማርያም" ይላሉ። በመካከሉ የሚስቴ ድምፅ ይሰማል፤ ግን ድምፅ አይደለም፤ ሞተር ነዳጅ ሲያልቅበት የሚያሰማው ዓይነት ነው።

"ማን ነገረህ?" አሉኝ።

"እማማ፣ ያሳልፉኝ።"

"ወንድ አይገባም። ያንተ ምላስ ነው የያዛት! አገር እንዳይሰማ ደበቅን፤ ይኸው አንተ ሰምተህ መጣህ፤ በቃ፣ አገር ሰማ ማለት ነው።"

"ሌሊቱን ሙሉ ነው እማማ! ግማሽ ቀን ካለፈ አትጠብቅ ብላኛለች ሲስተር፤ አስተምራኛለች እኮ!"

"አንተን?" አሉኝ። በዚያች አንዲት ቃል ውስጥ ጆንያው፣ ገመዱና ቆርቆሮው ሁሉ ነበሩ።

በክንዳቸው ሥር አሾልቄ አየኋት። ተንበርክካ ሁለት ሴቶች ደግፈዋታል። ከንፈሯ አመድ መስሏል። አየችኝ፤ ግን ያወቀችኝ አይመስልም።

ኮረብታውን ወጣሁ። ወደ አምቡላንሱ ደወልኩ። ሾፌሩ አነሣ። "ወንድሜ፣ ሌላ በሽተኛ ደባርቅ ላደርስ ከወጣሁ ግማሽ ሰዓቴ ነው" አለኝ፤ "አድርሼ እመለሳለሁ፤ እናንተ እስከ አስፋልቱ አውጧት።" ቆሎ ሲቆረጥም ያየሁት ሰው ነው።

ከዚያው ጫፍ ላይ ሆኜ ወደ መንደሩ ተጣራሁ። ሌላ ጊዜ ብሆን መሬት ተሰነጠቀች እል ነበር። "ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው፤ ቃሬዛ!" አልኩ። ያችን ብቻ። በኋላ አንዱ ጎረቤቴ፣ "አራት ቃል ተናግረህ ዝም ስትል ነው የደነገጥኩት" አለኝ። ባቄላ ያርሙ የነበሩ ሰዎች ማረሚያቸውን እየጣሉ መጡ። አማቴም ወንዶቹ ቃሬዛውን ይዘው ሲደርሱ ከበሩ ተነሡ፤ ለስምንት ሰው ደረታቸው አልበቃም።

ስምንት ሆነን ተሸከምናት። ትከሻ እየተቀያየርን፣ ቁልቁለቱን እየተንሸራተትን፣ ወንዙን ተሻገርን። እኔ በራሷ በኩል ነኝ። ግማሽ መንገድ ላይ ዓይኗን ከፈተች።

"ለሰው ሁሉ ነገርክ?" አለችኝ።

"አዎ" አልኩ።

"ተመስገን" አለች፤ ዓይኗን መልሳ ጨፈነች።

አስፋልቱ ዳር አምቡላንሱን ጠበቅን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ሚኒባሶች ሙዚቃ ከፍተው ያልፋሉ። አንዱን እንኳ ለማስቆም ሞከርን፤ ግን ምጥ የያዛት ሴት ጭኖ መኪናውን ደም በደም የሚያደርግ ማን አለ? ሦስቱ አይተው አለፉን።

በመጨረሻ አምቡላንሱ መጣልን። ጤና ጣቢያው ስንደርስ ሲስተር አወቀችኝ። "መቼ ጀመራት?"

"ዛሬ ጠዋት" አሉ አማቴ ፈጥነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ምስጢሩን ይጠብቁ ነበር።

"ትናንት ማታ ነው" አልኩ እኔ።

ሲስተር አፈጠጠችብኝ። "ታዲያ ለምን አልደወልክም? ቁጥሩን ሰጥቼህ አልነበር?"

"ደበቁኝ።"

"ለምን?"

አማቴን አየሁ፤ አማቴ ደግሞ በሩን አዩ።

"አባትየው ይግባ፤ ከኋላ ሆኖ ይደግፋት" አለች ጓንቷን እያጠለቀች። አማቴ "ኧረ ነውር ነው!" ብለው ተነሡ፤ የሰማቸው የለም። ገባሁ። ሚስቴን ከጀርባዋ አቀፍኳት። ሴት ልጅ ስትወልድ የሚሆነውን አየሁ፤ ስለ እሱ አልጽፍም። ልጅቷን በሚስብ መሣሪያ ጎትተው አወጧት። ሰማያዊ ነበረች። አላለቀሰችም። ሲስተር አሸቻት፤ በትንሽ ጭምብል እየጨመቀች አየር ሰጠቻት። እኔ ቆጠርኩ፤ ስንት እንደደረስኩ አላስታውስም። ከዚያ እንደ ድመት ግልገል አንድ ጊዜ "ሚው" አለች።

እልል የሚል ሰው አልነበረም። ደሙ አልቆመም ነበር።

"ጎንደር!" አለች ሲስተር። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች፤ ከሁለት ኪሎ ስኳር ብዙ አትበልጥም፤ ቀዝቅዛለች። አማቴ እጃቸውን ዘረጉ፤ እጃቸው ግን እንደ ወንፊት ይንቀጠቀጣል። ሲስተር እኔን አየች። "ሸሚዝህን አውልቅ።"

በእኛ መንደር አባት ልጁን የሚያቅፈው ክርስትና ከተነሣች በኋላ ነው፤ ለሴት ሰማንያ ቀን። የእኔ ልጅ ሰማንያ ደቂቃም ሳይሞላት ራቁት ደረቴ ላይ ተለጠፈች፤ ላይዋን በጋቢ ጠቀለሏት። "ገላህ ነው የሚያሞቃት፤ እንዳትነቃነቅ" አለችኝ ሲስተር። አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንለት እኔ፣ እንደ ድንጋይ ሆኜ አምቡላንሱ ውስጥ ተቀመጥኩ። ሚስቴ ከፊቴ ተጋድማለች። ሲስተር በሁለት እጇ ሆዷን ትጫናለች። አማቴ እግሯ ሥር ናቸው።

"አውራት" አለችኝ ሲስተር። "እንዳትተኛብን። የሆነ ነገር ንገራት!"

አፌን ከፈትኩ። ባዶ ነው። ሃያ ዓመት ያልተዘጋ አፍ፣ አህያ የሚያስቅ አፍ፣ በተፈለገበት ቀን ዱቄት የጎረሰ ያህል ደረቀ። አንድ ቀልድ ፈለግሁ፤ አንድ ተረት፤ አንድ ውሸት። የለም።

ያን ጊዜ ደረቴ ላይ ተሰማኝ። ዱብ ዱብ ዱብ ዱብ። ያው ፈረስ ነው፤ አሁን ግን ወንዙን ተሻግሮ መጥቷል።

"ልቧ ይመታል" አልኳት ሚስቴን። "ትሰሚኛለሽ? ደረቴ ላይ ናት። ልቧ ይመታል።"

ዓይኗ ትንሽ ተከፈተ።

"አሁንም ይመታል" አልኩ። ሌላ ነገር አልጨመርኩም። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ፣ "አምባ ጊዮርጊስ ደርሰናል፤ ይመታል" አልኳት። ኮሶዬ ላይ ዓይኗ ተከደነ፤ ጮኼ፣ "ይመታል! ስሚኝ እንጂ፣ ይመታል!" አልኩ። ተመልሶ ተከፈተ። ጎንደር እስክንገባ ያችን አንዲት ዜና የምደጋግም ሬዲዮ ነበርኩ።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ ወረቀት ይዞ ወጣ። "ማሕፀኗን ካላወጣን ደሙ አይቆምም" አለኝ። "ፈርም።" ፊርማዬ እንደ ምላሴ ጌጥ ይወዳል፤ ሦስት ጊዜ ዞሮ ጅራት ያበጃል። ያን ቀን አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ሆነ። ስድስት ዓመት የጠበቅነው፣ የተሳልነው፣ ሊወለዱ ያሰብናቸው ሁሉ በዚያች መስመር አለፉ።

አማቴ ኮሪደሩ ወለል ላይ ቁጭ ብለዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ልጅቷ ደረቴ ላይ ናት። "ሰባት ወልጃለሁ፤ ሁሉንም በድብቅ" አሉ። "ሁለቱን ቀበርኩ። ሰው ስላወቀ ነው የሞቱት እያልኩ ነው የኖርኩት።" ከዚያ ጋቢውን ገለጥ አድርገው ልጅቷን አዩና መልሰው ሸፈኗት። "ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"የምላሴ ነው እማማ" አልኳቸው። እሳቸውም "አይደለም" አላሉኝም።

ሚስቴ በሦስተኛው ቀን ዓይኗን በደንብ ገለጠች። ማሕፀኗ መውጣቱ ሲነገራት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያንን ግድግዳ ለመሆን የማልሰጠው ነገር አልነበረም።

መንደር ስንመለስ ወፍጮ ቤቱ ሞልቶ ጠበቀኝ። "ሬዲዮ፣ እስቲ ንገረን! ገብተህ አየህ አሉ!" አለች አንዷ። ከኋላዋ ያሉት ለሳቅ ተዘጋጅተዋል። "ወለደች" አልኩና ሞተሩን አስነሣሁ። ሲጠብቁ ቆይተው እህላቸውን ማፍሰስ ጀመሩ። ነጭ ሽንኩርት ሻጯ ጎረቤታችን ብቻ ጥግ ላይ ቆማ አለቀሰች።

ልጃችን አድጋለች። አፏ የማን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ይህን ከመጻፌ በፊት ሚስቴን አስፈቅጃለሁ። "ጻፈው" አለችኝ፤ "ሦስት ክንድ ከስንዝር የምትለዋን ግን ቀንሳት።" አልቀነስኳትም፤ ምን ብዬ እንደነበር ይታወቅ ብዬ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልጠይቃት ዓመታት አለፉ። ሁለተኛ ምጥ አይኖራትም፤ ስለዚህ መልሱን በሌላ መንገድ የማውቅበት ተስፋ የለኝም። ባለፈው ክረምት ዝናቡ ቤት ዘግቶብን ሳለ ደፈርኩ። "ሌላ የመውለድ ዕድል ኖሮሽ ቢሆን፣ ምጥ ሲጀምርሽ ትነግሪኝ ነበር?" አልኳት።

እህል ትለቅም ነበር። እጇ ቆመ። ግድግዳውን አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ደግሞ ግድግዳውን።

"መጀመሪያ ለሱ" አለች። "ቀጥሎ ላንተ።"

ወደ ለቀማዋ ተመለሰች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ መልቀም ጀመርኩ።